ፋይዳ እና የከተማ ዳር ነዋሪ

አዲስ አበባ ዳር ለሚኖር ሰው «መሸኛ» ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ከቀድሞው ቀበሌ የሚመጣ ደብዳቤ ነው፤ «እኛ ጋ ነበር፣ ለቅቆ ሄዷል» ይላል። መሸኛ ከሌለ አዲሱ ወረዳ መታወቂያ አይሰጥም። መታወቂያ ከሌለ ደግሞ ባንክም፣ ሲም ካርድም፣ ሥራም ይቸግራል። ከገጠር መጥቶ ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሰው አንድ ወረቀት ለማምጣት ብቻ ደርሶ መልስ የአውቶቡስ ይከፍላል። ፋይዳ የሚባለውን የብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ ነገር ከዚህ መጀመር ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የቀበሌ መታወቂያ ሥሩ 1967 ዓ.ም. ላይ ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትንም አቋቋመ፤ ቀበሌ የምንላቸው እነዚህን ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚታወቀው በቀበሌው ሆነ። ካርዱ ስም፣ ፎቶና የቤት ቁጥር ይይዛል። በብዙ ቦታ ለረጅም ዓመት «ብሔር» የሚል መስመርም ነበረበት፤ ይህ መስመር በክፉ ቀን ሰው ላይ ምን እንዳመጣ የምናውቀው ነው። ደግሞ በእጅ ተጽፎ ማኅተም የሚመታበት ወረቀት ስለነበር፣ አንድ ሰው በሁለት ሠፈር ሁለት ቢያወጣ የሚያመሳክር አልነበረም።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይህን ጉዳይ ያየው አንዴ ብቻ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760 ወጣ። የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በአገር ደረጃ ተጀመረ። ካርዱ ግን ሕዝብ እጅ ሳይገባ ዓመታት አለፉ።

ሁለተኛው ድምፅ በ2015 ዓ.ም. ተሰጠ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015ን አጸደቀ። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ሲገኙ ነው። ከተገኙት አብላጫው ከደገፈ ሕጉ ያልፋል፣ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርሙበታል፣ በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል። የእጅ ማውጣቱ ደቂቃዎች ይፈጃል። ውጤቱ ግን እያንዳንዳችን ጣት ላይ ይደርሳል።

ጣት ያልኩት በምክንያት ነው። ተመዝጋቢው አራቱን የቀኝ እጅ ጣቶች የአሻራ ማንሻው መስታወት ላይ ይጫናል፤ ከዚያ አራቱን የግራ፣ ከዚያ ሁለቱን አውራ ጣቶች። ዓይኑ ይነሳል፣ ፊቱ ይነሳል። ሲሚንቶ ሲያቦካ የኖረ ሰው አሻራው ተፍቆ መሣሪያው አልይዝ ሊል ይችላል። «እጅህን ጥረገውና ድገም» ይባላል። ያን ጊዜ ዓይኑ ያግዘዋል። መረጃው ተጣርቶ ድግግሞሽ ከሌለ 12 አኃዝ ያለው የፋይዳ ቁጥር በስልክ መልእክት ይመጣል። ቁጥሩ የዕድሜ ልክ ነው። ሰነድ የሌለው ሰው ደግሞ በምስክር መመዝገብ ይችላል። ለከተማ ዳር ሰው ከአዋጁ ሁሉ ትልቁ ነገር ይኼ ይመስለኛል፤ መሸኛ ላጣ ሰው ጎረቤቱ ይመሰክርለታል።

አዋጁ ዜግነትን ሳይሆን ነዋሪነትን መነሻ ያደርጋል፤ ስለዚህ ፋይዳ የዜግነት ማስረጃ አይደለም። ብሔርም አይጠይቅም። ሥራውን የሚመራው የብሔራዊ መታወቂያ ፕሮግራም ነው። የዓለም ባንክ በ2016 ዓ.ም. 350 ሚሊዮን ዶላር አጽድቆለታል።

ምዝገባው በፈቃድ ነው ቢባልም፣ አዋጁ ተቋማት ፋይዳን ግዴታ እንዲያደርጉ በር ይከፍታል። ብሔራዊ ባንክ ለአዲስ ሂሳብ መክፈቻ ግዴታ አድርጎታል፤ ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ ከዚያም በየደረጃው በሌላው አገር። ስለዚህ ደመወዙ በባንክ የሚገባለት አዲስ ተቀጣሪ «አልፈልግም» የማለት ዕድሉ ጠባብ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። አሻራ እንደ ይለፍ ቃል አይቀየርም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የወጣው በ2016 ዓ.ም. ነው፤ ምዝገባው ቀድሞ ጥበቃው ተከተለ። ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት።

የዳር ሠፈሮች ሌላም ጣጣ አላቸው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ አዲስ አበባና ኦሮሚያ ወሰን ተካለሉ። አንዳንድ ሠፈሮች ከአንዱ አስተዳደር ወደ ሌላው ዞሩ። በማግሥቱ ዓመት ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን ሸገር ከተማ በሚል አንድ ላይ ሆኑ። ነዋሪው ከቤቱ ሳይንቀሳቀስ ወረዳው ተቀየረበት። እንዲህ ባለ ጊዜ የፋይዳ ቁጥሩ እንዳለ ይቀጥላል። የነዋሪነት ጉዳይ ግን አሁንም የወረዳው ነው። ለዚያ ሰውየው ቁጥሩን በስልኩ፣ ፋይሉን በብብቱ ይዞ ይሰለፋል።