የማዳበሪያ ድጎማ በጣና ዙሪያ፦ አሠራሩና ግልጽነቱ

በባሕር ዳር ዙሪያ፣ በሜጫ፣ በሰሜን አቸፈር፣ በደራ፣ በፎገራና በደምቢያ መንግሥት ለሰብል አምራቹ ከሚያደርጋቸው ድጋፎች ዋነኛው የአፈር ማዳበሪያ ድጎማ ነው። ድጎማው በጥሬ ገንዘብ አይከፈልም፤ መንግሥት ከመግዣው ዋጋ የተወሰነውን ይሸፍናል፣ ቀሪውን አርሶ አደሩ ይከፍላል። ስለዚህ ገበሬው ድጎማው እንደደረሰው የሚያረጋግጠው መጋዘኑ ደጃፍ በተለጠፈው ዋጋና በእጁ በያዘው ደረሰኝ ብቻ ነው።

 የማዳበሪያ ድጎማ በ1989 ዓ.ም. ቀርቶ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ዋጋ ሲንር መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር መድቦ መለሰው፤ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም ቀጥሏል።

የፍላጎት ምዝገባው ከቀበሌ ይጀምራል። የግብርና ባለሙያው በየጎጡ መዝግቦ ለወረዳ ያስተላልፋል፤ በዞንና በክልል ተጠቃሎ ግብርና ሚኒስቴር ይደርሳል። ግዥውን የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ይፈጽማል። ጭነቱ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ፣ ባሕር ዳር እንዳለው «መርከብ» የተባለ ዩኒየን ባሉ የማኅበራት ጥምረቶች በኩል ወደ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ይወርዳል። በጭቃ መንገድ እስከ ሩቅ ቀበሌ ማዳበሪያ የሚያደርሱት እነዚሁ ማኅበራት ናቸው፤ ውለታቸው ሊዘነጋ አይገባም።

ድልድሉ የሚሠራው በመሬት ይዞታ ደብተር ነው። ሦስት ቃዳ፣ ማለትም 0.75 ሄክታር ያለው ገበሬ፣ በቀድሞው ጥቅል ምክር (በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ) ከእያንዳንዱ 75 ኪሎ ይደርሰዋል። በኋላ በዳፕ ቦታ ኤንፒኤስ የተባለ ሌላ ማዳበሪያ ገብቷል፤ ብዙ ሰው ግን ይህንንም ዳፕ ይለዋል። ጆንያው 50 ኪሎ ስለሆነ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱን ይካፈላሉ፤ ደረሰኙ ግን በአንደኛው ስም ይቆረጣል። መዝገብና እውነታ መለያየት የሚጀምሩት እዚህ ላይ ነው። የእኩል የሚያርሰውም ደብተሩ በባለይዞታው ስም ስለሆነ ከዝርዝሩ ይወጣል። ሐይቁ ሲሸሽ የሚታረሰው ባሕር ሸሽ መሬት ደግሞ በደብተር ስለማይሰፍር ለድልድል አይቆጠርም።

በ2000ዎቹ አጋማሽ በክልሉ የተጀመረው የቫውቸር አሠራር ገንዘቡን ከማኅበሩ እጅ አወጣ። ገበሬው ለአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ) ከፍሎ ቫውቸር ይይዛል፣ በቫውቸሩ ከመጋዘን ይረከባል። ከፋይና አስረካቢ መለየታቸው ትልቅ እርምጃ ነው፤ የተሸጠው ከወጣው ጋር የሚነጻጸርበት ሰነድ ተገኝቷልና።

በ2015 ዓ.ም. እጥረት አርሶ አደሮች ባሕር ዳር ድረስ መጥተው አቤት ብለዋል። አንዱ ወገን የግዥውን መዘግየት፣ ሌላው ስርጭቱንና ሕገወጥ ንግዱን ይወቅሳል። ዩሪያ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ካልተጨመረ ዘግይቶ ቢመጣም ብዙ አይጠቅምም።

መጋዘን የሄደ ሰው ጆንያውን ያገላብጥ፦ የፋብሪካው ስፌት በማሽን የተሰፋ፣ ቀጥ ያለ ነው። በእጅ ክር ከተሰፋ ተከፍቶ ነበር ማለት ነው፤ ሚዛን ላይ ይውጣ። የተለጠፈው ዝርዝር የተረካቢውን ስም፣ ጎጥ፣ የማዳበሪያውን ዓይነት፣ ኪሎና ዋጋ መያዝ አለበት፤ ስምና ድምር ብቻ ያለበት ወረቀት ለማጣራት አይበቃም። በቀበሌ ስብሰባ ጮክ ብሎ ሲነበብ ማንበብ የማይችለውም ይሰማዋል፣ መሬት የሌለው ስምም ቶሎ ይታወቃል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የድልድል መረጃ ሲጠየቅ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ጥያቄው ቀበሌውን፣ የምርት ዘመኑንና የሚፈለገውን ሰነድ ለይቶ በጽሑፍ ይገባል፤ ቅጂው ቀን ያለበት ማኅተም ተመትቶበት በጠያቂው እጅ ይቀራል። መልስ ካልመጣ ይኸው ቅጂ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ከአቤቱታው ጋር ይቀርባል።