ሎንግቦርድ ላይ 78ኤ ምን ማለት ነው?

ሎንግቦርድ ቆመውበት የሚነዱት ረዘም ያለ ባለ ጎማ ሰሌዳ ነው። ጎማው ላይ የተጻፈው 78ኤ ብዙ ሰው ግራ ያጋባል። የጎማውን መጠን አይደለም የሚናገረው፤ ጥንካሬውን ነው። ቁጥሩ ዝቅ ባለ ቁጥር ጎማው ይለሰልሳል። 78ኤ አስፋልቱ ላይ ያለውን ጠጠርና ስንጥቅ ዋጥ ያደርገዋል፣ እግር አያንቀጠቅጥም። 99ኤ ግን ድርቅ ያለ ነው፤ ለስላሳ ሲሚንቶ ላይ ትሪክ ለሚሠራ ስኬትቦርድ ይሻላል።

ሰሌዳውም እንደ አነዳዱ ይለያያል። ለመንሸራሸር ትንሽ ረገብ የሚል ይመቻል። ዳንሲንግ የሚባለው አነዳድ ሰሌዳው ላይ እየተራመዱ ስለሆነ ረጅም ሰሌዳ ይፈልጋል፣ ብዙ ጊዜ ከ110 ሴንቲ ሜትር በላይ።

ዳውንሂል ሌላ ነገር ነው። ቁልቁለት ላይ በፍጥነት ሲወረድ የሚተጣጠፍ ሰሌዳ መንገዳገድ ያመጣል። ስለዚህ ግትር ሰሌዳ ነው የሚያስፈልገው። ሄልሜትም የግድ ነው፤ እባካችሁ፣ ያለ እሱ አትውረዱ።