«የጥቅም ግጭት አለብህ» ማለት ስድብ ነው?
ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ጓደኛዬ ብው ብሏል። ለቢልሃርዚያ ምርምር የመንግሥት ገንዘብ ሲመደብ ገምጋሚ ነበር። «የጥቅም ግጭት አለብህ፣ ውጣ» ተባለ። «ሌባ ነህ» ያሉት መስሎታል።

አይደለም። ቃሉ የሚገልጸው የቆምክበትን ቦታ እንጂ ጥፋትህን አይደለም። አመልካቹ ወንድምህ ወይም የሥራ ባልደረባህ ከሆነ፣ ቅን ብትሆንም ሚዛኑ ያጋድላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶችም ባለፉት 3 ዓመታት ከአመልካቹ ጋር አብሮ የሠራ ገምጋሚን፣ ያ ማመልከቻ ሲነሳ ከክፍሉ ያስወጣሉ። ጥፋት የሚሆነው ዝምድናን ደብቆ ነጥብ መስጠት ነው። (ባሕር ዳር ላይ የማይተዋወቅ ተመራማሪ የት ይገኛል? መውጣት ይበዛል።)

አመልካቿ ለካ የቀድሞ ተማሪው ናት። «ታዲያ ከእኔ በላይ ማን ያውቃታል?» አለኝ።

«ለዚያ እኮ ነው ውጣ ያሉህ» አልኩት።