«ላን» ምንድን ነው? ቤተ ክርስቲያን ከመሆኑ በፊት ስለነበረው ቃል

በብሪታንያ ደሴት ምዕራብ ያለችውን የዌልስን ካርታ የዘረጋ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው የ«ላን» ብዛት ነው፤ ላንጎሌን፣ ላንቤሪስ፣ ላንዴይሎ፣ ላንቫይር እያለ በዚህ ቃል የሚጀምረው የመንደር ስም በመቶዎች ይቆጠራል። ለዚህም የሚሰጠው ማብራሪያ ዘወትር አንድ ነው፦ «ላን ማለት በዌልስኛ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው።» ነገሩ በዚህ ቢያበቃ በትዕግሥት ባለፍሁት ነበር። ሰሞኑን ጽሑፉን ያነበብሁለት ሰው ግን በዚያ አላቆመም። ላንዴይሎ የቅዱስ ቴይሎ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ፣ ቴይሎም በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ጻድቅ ከሆነ፣ ዛሬ በከተማዋ መንገድ ዳር የሚታየው የድንጋይ ሕንፃ ወደ 1,400 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አለው ብሎ ደመደመ። ያ ሕንፃ ማማው ሲቀር አብዛኛው አካሉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንደገና የተገነባ ነው። የቆዩ ግድግዳዎችን ከመሠረታቸው እስከ ጣሪያቸው እየመረመርሁ የምኖር ሰው ስለሆንሁ፣ ይህን አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በቃሉ መጀመሪያ ያለው ድምፅ ደግሞ ምላስን ለ«ለ» አስቀምጦ በጎንና በጎኑ አየር በማውጣት የሚነገር ሲሆን፣ የእኛ ፊደል ስለሌለው በ«ላ» ጽፌዋለሁ።)

ላን በመሠረቱ የታጠረ መሬት ነው። ከዚያም በፊት የተመነጠረ፣ ገላጣ ቦታን ያመለክት ነበር፤ የብሪታኒ፣ የኮርንዋልና የአየርላንድ ቋንቋዎች ተመሳሳይ ቃል አላቸው፤ እንግሊዞች መሬትን የሚጠሩበት «ላንድ»ም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ጥንታዊ ብራና መግለጥ አያስፈልግም፤ ዛሬ በገበሬ አፍ ያሉ ቃላት ይበቃሉ። በዌልስኛ «ፔርላን» የፍራፍሬ ቦታ ነው፤ «ኮርላን» የበግ በረት፣ «እድላን» የእህል ክምር የሚቆምበት ግቢ፣ «ግዊንላን» ደግሞ የወይን ቦታ ነው። የሁሉም ጅራት ያው ላን ነው፤ በአንዳቸውም ውስጥ ቅዳሴ አይቀደስም። ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ቋንቋው «ኤግሉይስ» የሚል የራሱ ቃል አለው፤ እርሱም ከግሪኩ ኤክሌሲያ በላቲን በኩል የመጣ ነው። እንግዲህ ሁለት ቃል ያለው ሕዝብ ሁለቱን ያለ ምክንያት አላስቀመጠም።

መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ዌልስኛ መልሶ በ1588 ያሳተመው ዊሊያም ሞርጋን የላንራያደር አም ሞክናንት ቄስ ነበር፤ ሥራውንም በዚያው በተራራ ሥር መንደር እያገለገለ አከናውኗል። ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ የተመኘበት ታሪክ በዌልስኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ግዊንላን» ተብሎ ይገኛል። ላን ቤተ ክርስቲያን ነው የሚለውን ሰው ብንከተል፣ «ግዊን» የወይን ጠጅ ነውና አክዓብ ለአትክልት ብሎ የቀማው የወይን ጠጅ ቤተ ክርስቲያን ሊሆን ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ነገሩን የሚያስረዳ ምሳሌ ከደጃችን አለ፤ «ደብር»። በግእዝ ደብር ተራራ ነው። ደብረ ሲና የሲና ተራራ፣ ደብረ ዘይት የወይራ ተራራ፣ ደብረ ታቦር የታቦር ተራራ ነው። መነኮሳት በተራራ ላይ ስለተቀመጡ ገዳሙ በተራራው ስም ተጠራ፤ ቆይቶም ቃሉ ከተራራው ወርዶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተላለፈ፤ ዛሬ «የየትኛው ደብር አገልጋይ ነዎት?» ተብሎ የሚጠየቅ ካህን ስለ ተራራ እንደተጠየቀ አድርጎ አያስብም። አሁን አንድ እንግዳ መጥቶ «ደብር ማለት ቤተ ክርስቲያን ነው» የሚል መዝገበ ቃላት ይዞ ኦሪትን ቢያነብ፣ ሙሴ ጽላቱን የተቀበለው ከቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ይሆንበታል። የላንም ሰው የሚሠራው ስሕተት ይኸው ነው፤ የቃሉን የመጨረሻ ትርጉም ወስዶ ከመጀመሪያው ዘመን ላይ ይለጥፈዋል።

ምሳሌው ወደ ሌላም ወገን ያገለግላል። የቃል ሥር መቁጠር የሚወድ ሌላ ሰው ደግሞ ይነሣና «ደብር ተራራ ነውና ሜዳ ላይ ያለው ደብር ስሙ ሐሰት ነው» ይላል። ይህም አይሆንም። በኋለኛው ዌልስኛ ላን በእርግጥ ቤተ ክርስቲያንን፣ በተለይም የመንደሩን የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ያመለክታል፤ ከአንግሊካኑ ሥርዓት የተለዩት ምእመናን ከሚሰበሰቡበት «ካፔል» ለመለየትም ይነገራል፤ በዙሪያው ያለውን መንደር ራሱንም «ላን» ይሉታል። ስለዚህ መዝገበ ቃላቱ ውሸት አይደለም። እኔ የምቃወመው ትርጉሙን ሳይሆን፣ በዚያ ትርጉም የሕንፃን ዕድሜ መቁጠርን ነው። ምሳሌውም የሚበጠስበት ቦታ አለው፤ ደብር ከፍታን ሲናገር ላን የሚናገረው ዳርቻን፣ ውስጥን ከውጭ የሚለየውን አጥር ነው፤ በዚያ ላይ ደብርነት ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ማዕረግ ሆኗል፤ ላንነትን ግን ለማንም የሰጠ ጳጳስ የለም።

ነገሩን በአንድ መንደር ላይ እንየው። በኬሬዲጊዮን ግዛት ያለችው ላንዴዊ ብሬቪ ስሟ በቀላሉ ይፈታል፤ ዴዊ የዌልስ ጠባቂ የሆነው ቅዱስ ዳዊት ነው፤ ብሬቪ በአጠገቡ የሚወርደው ወንዝ ነው። ገድሉ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ሲጻፍ እንደተተረከው፣ ዳዊት በብሬቪ ጉባኤ ላይ ለብዙ ሕዝብ ሲሰብክ ድምፁ ለሁሉ እንዲደርስ ከእግሩ በታች ያለው ምድር ከፍ ብሎ ኮረብታ ሆነ። የዛሬው ቤተ ክርስቲያን የቆመው ከፍ ባለው በዚያ ቦታ ላይ፣ ዙሪያው ክብ በሆነ የመቃብር ግቢ ውስጥ ነው። እንግዲህ እዚህ ደብሩም ላኑም ተገናኝተዋል ብል ምሳሌዬን ከሚገባው በላይ እንደሳብሁት ይታወቅልኝ። ተአምሩን መመርመር የእኔ ሙያ አይደለም፤ በሙያዬ የምለው ግን አለ፦ ለብዙ ክፍለ ዘመናት ሰው የተቀበረበት ግቢ በራሱ ጊዜ ከፍ ይላል፤ በብዙ የዌልስ መንደሮች ከአጥሩ ውጭ ቆሞ የሚያይ ሰው የመቃብሩ ሣር ከወገቡ ወይም ከደረቱ ትክክል ሆኖ ያገኘዋል።

በዚህ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ውስጥ ከሕንፃው የሚበልጥ ታሪክ የያዙ የተሰበሩ ድንጋዮች አሉ። ኤድዋርድ ሉይድ የተባለው ሊቅ በ1690ዎቹ የገለበጠው የላቲን ጽሑፍ ኢድነርት የሚባል ሰው በዚያ መቀበሩንና ከቅዱሱ ንብረት መዘረፍ ጋር በተያያዘ መገደሉን ይናገራል፤ የቅዱሱ ስም ዳዊት ተብሎ ይነበባል። ከዚያ በኋላ ግንበኞች ድንጋዩን ሰባብረው እንደ ማንኛውም የግንብ ድንጋይ ከግድግዳው ውስጥ አስገቡት፤ ዛሬ በውጭ በኩል የሚታየው ቁራጩ ነው፤ ሙሉ ቃሉን የምናውቀው ከሉይድ ግልባጭ ነው። ጽሑፉ ኖርማኖች፣ ማለትም በ11ኛው ክፍለ ዘመን ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ድል አድራጊዎች፣ ዌልስን ከመርገጣቸው ብዙ የቀደመ ነው። ልብ በሉ፤ ጽሑፉ ስለ ሕንፃ አንዳች አይልም። የቅዱሱ የሆነ ንብረት እንደነበረና በእርሱ ምክንያት ሰው እንደሞተ ነው የሚናገረው። ላን ማለት በዚያ ዘመን ይህ ነበር፤ የተለየ፣ የተጠበቀ፣ ሙታን የሚቀበሩበትና የሸሸ ሰው የሚጠለልበት መሬት። በውስጡ የጸሎት ቤት ነበረ፤ ነገር ግን የጥንቶቹ አብዛኞቹ ከእንጨት የተሠሩ በመሆናቸው የሚታይ ነገር ሳይተዉ አልፈዋል፤ ከኖርማኖች በፊት የቆመ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በዌልስ እጅግ ብርቅ ነው።

ሕንፃውማ? ጳጳስ ቶማስ ቤክ በ1287 በዚህ ቦታ የካህናት ማኅበር አቋቁሞ ቤተ ክርስቲያኑን ከፍ አደረገው። በመካከል የቆመው ከባድ ማማ የመካከለኛው ዘመን ሥራ ነው፤ በግራና በቀኙ የነበሩት የመስቀል ክንፎች ፈርሰዋል፤ ሕዝቡ የሚቆምበት ክፍል በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደገና ተሠራ። በአንድ ጣሪያ ሥር በብዙ መቶ ዓመታት የሚራራቁ እጆች አሉ ማለት ነው። ለመንደር ቤተ ክርስቲያን ማማው ራሱ ትልቅነት ነው፤ የዌልስ ገጠር የተለመደው ሕንፃ መቅደሱና የሕዝቡ መቆሚያ በአንድ ረዥም ክፍል የተያያዙበት፣ በምዕራቡ ጫፍ ደወል የሚሰቀልበት ትንሽ ግንብ ብቻ ያለው ዝቅ ያለ ቤት ነው።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጎብኚዎች የድንጋዩን ባዶ ፊት አይተው «እንዴት ያለ ጥንታዊ መልክ» ይላሉ። ያ መልክ አብዛኛውን ጊዜ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጠጋኞች ልስኑን ፍቀው የፈጠሩት ነው። በመካከለኛው ዘመን ግድግዳው በኖራ ተለስኖ፣ ውስጡም በሥዕል ተሸፍኖ ነበር። በላንካርቫን በ2008 ከኖራው ሥር ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋና ሌሎችም ሥዕሎች ሲገኙ፣ ልስኑን ሳይፍቁ የተዉት ሰዎች ስንፍና እንደ ጽድቅ ተቆጠረላቸው።

ከስሙ ቀጥሎ የሚያሳስተው የግቢው ቅርጽ ነው። «ክብ ግቢ ካለው የጣዖት አምላኪዎች ቦታ ነበረ» የሚሉ አሉ። ለዚህ በብዛት የሚጠቀሰው በበርዊን ተራሮች ሸለቆ ጫፍ ያለው ፔናንት ሜላንጌል ነው። ቅድስት ሜላንጌል ከአዳኝ ውሾች የሸሸችውን ጥንቸል በልብሷ ጫፍ አስጠልላ፣ መስፍኑ ብሮክዌል ሸለቆውን መጠለያ እንዲሆን እንደሰጣት ይተረካል። ሕንፃው የ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ በዚያው ዘመን የተቀረጸው የቅድስቲቱ የዐፅም ማረፊያ በተሐድሶ ዘመን ፈርሶ ድንጋዮቹ በግድግዳውና በግቢው መግቢያ ውስጥ ተገንብተው ተገኙ፤ ተለቅመውም በ1958 እንደገና ተገጣጠሙ። በቁፋሮም ከሥሩ የነሐስ ዘመን ቀብር ምልክቶች ወጡ። ይህን ሰምቶ «እንግዲህ አምልኮው ከዚያ ጀምሮ አልተቋረጠም» ማለት ግን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የሆነ ክፍተትን በአንድ ዝላይ መሻገር ነው። ሰዎች አንድን ደልዳላ ቦታ ሁለት ጊዜ ሊመርጡት ይችላሉ። ይልቁንም የዚህ ቦታ ስም ላን የሚል ቃል እንኳ የለውም፤ «ፔናንት» የሸለቆ ራስ ነው። ስሙ የሌለው ላን እንዳለ ሁሉ፣ በአሮጌ ክብ አጥር ላይ ቆይቶ ለመቃብር የተቀጠለ አራት ማዕዘን ግቢም ብዙ ነው።

በግቢው ስላለው ዩው ስለሚባለው ጽድ መሰል ዛፍም ይኸው ነው። በላንገርኒው ያለው ዩው አራት ሺህ ዓመት ይሆነዋል ይባላል፤ ነገር ግን ያረጀ ዩው መካከሉ ስለሚቦረቦር የሚቆጠር ቀለበት አይተርፈውም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ግምት ነው፤ በግምት ላይ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ አይገነባም።

ስሙን ራሱንም ቢሆን ሳይመረምሩ ማመን አይገባም። ላንራያደር የሚለው ላን የተያያዘው ከቅዱስ ጋር አይደለም፤ «ራያደር» ፏፏቴ ነው። ላንቶኒ ደግሞ ላን የሚመስለው በአፍ ለውጥ ነው፤ በሥሩ ያለው «ናንት»፣ ማለትም ሸለቆ ወይም ጅረት ከሆንዱ ወንዝ ስም ጋር ተጣምሮ ነው፤ «አንቶኒ» የሚባል ጻድቅ እየፈለጉ የሚደክሙ አሉ። ላንቫይር የማርያም ላን ነው፤ ላንቪሃንገል የሚካኤል ነው፤ እነዚህ ስሞች በአብዛኛው ከአገሬው ጻድቃን ስሞች በኋላ የተደረቡ ናቸው። የዳዊት ስም ያለበት ላን ሁሉም ዳዊት በእግሩ የደረሰበት አይደለም፤ ክብሩ ከእርሱ ሞት በኋላ ብዙ ተጉዟል። አጥቢያ የሚለው አከፋፈል ራሱ በዚህ መልክ የተደራጀው ኖርማኖች ከመጡ በኋላ ነው፤ ዌልሶች አጥቢያን የሚጠሩበት «ፕሉይቭ» በላቲን ሕዝብ ማለት ከሆነው ቃል የመጣ ሲሆን፣ ላን ደግሞ ከመሬት የመጣ ነው።

ቃሉን በአማርኛ መተርጎም ለሚፈልግ ከደብር የተሻለ ቃል አለን፤ ዐጸድ። በግእዝ ዐጸድ የታጠረ ቦታ፣ አትክልት የሚተከልበት ግቢ ነው፤ ዐጸደ ወይን ስንል ግዊንላን ማለታችን ነው፤ የቤተ ክርስቲያንን ግቢ ዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ስንልም ቃሉ ሳይጨናነቅ ይሸከመዋል። ላንዴዊ ብሬቪ እንግዲህ «በብሬቪ ወንዝ ዳር ያለ የዳዊት ዐጸድ» ነው፤ በዐጸዱ ውስጥ ያለው ሕንፃ መቼ ተሠራ ለሚል ጥያቄ መልሱን ግድግዳውን ጠይቁ።