የባሕር ኪያር ኮንድሮይቲን ምንድን ነው? አንጀትስ ያሳልፈዋል?

የባሕር ኪያር የባሕር ኮከብ ዘመድ የሆነ፣ አከርካሪ የሌለው እንስሳ ነው። ቻይናውያን አድርቀው ያስቀምጡታል፤ ለማብሰል ሲፈልጉ በውኃ ይዘፈዝፉታል። ተመራማሪዎች ደግሞ ከወፍራሙ የሰውነቱ ግድግዳ ፉኮሲሌትድ ኮንድሮይቲን ሰልፌት የተባለ ረጅም የስኳር ሰንሰለት ያወጣሉ። ግንዱ በእኛም መገጣጠሚያዎች ልስልስ አጥንት ውስጥ ያለው ኮንድሮይቲን ነው። ልዩ የሚያደርገው ከጎኑ የተንጠለጠለው፣ ሰልፌት የተሸከመው ፉኮስ የተባለ ስኳር ነው። ደም እንዳይረጋ የማድረግ ኃይሉም በዚሁ ቅርንጫፍ ላይ የተመሠረተ ነው። ለተመሳሳይ ዓላማ የሚታዘዘው ሄፓሪን በመርፌ ስለሚሰጥ፣ ተጨማሪ የሚዋጥ ተተኪ ቢገኝ ለሕመምተኛው እፎይታ ይሆናል።

ችግሩ አንጀት ላይ ነው። የእንጀራም ሆነ የሩዝ ስታርች በምራቅና በቆሽት ኢንዛይሞች ይቆራረጣል፤ በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ያሉት ኢንዛይሞች ወደ ግሉኮስ ይለውጡታል፤ ከዚያ አጓጓዥ ፕሮቲን ከሶዲየም ጋር ወደ ሴሉ ያስገባዋል። የባሕር ኪያሩን ሰንሰለት የሚቆርጥ ኢንዛይም ግን የእኛ አንጀት አያመነጭም። ሳይቆረጥ እንዳያልፍም ግዙፍ ነው፤ የግሉኮስ ክብደት 180 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ሲሆን የዚህ በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። በዚያ ላይ ሰልፌቱ የሚሰጠው አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙላት በስብ ከተሠራው የሴል ሽፋን ጋር አይስማማም፤ በሴሎች መካከል ያለውም ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ባክቴሪያዎች ያገኙታል፤ መቁረጥ የቻሉትን ያህል ወደ አጫጭር የስብ አሲዶች ይለውጡታል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጥቂቱ ሾልኮ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የብራዚል ተመራማሪዎች ለአይጦች በአፍ ሲሰጡት የደማቸው የመርጋት ዝንባሌ ቀንሷል። የፉኮሱ ቅርንጫፍ ሰንሰለቱን በአንጀት ውስጥ ካሉ ኢንዛይሞች እንደሚከላከልለት ይታመናል። በየትኛው በር እንደሚያልፍ ለማየት ካኮ-2 የተባሉ የአንጀት ሴሎች ቀዳዳ ባለው ስስ ሽፋን ላይ ይበቅላሉ፤ ንጥረ ነገሩ ከላይ ይፈስሳል፤ ከሰዓታት በኋላ ከሥር የወረደው ይለካል። ይህ ሙከራ ስለ ሰው አንጀት ፍንጭ እንጂ ፍርድ አይሰጥም።

አጭር ቁራጭ የተሻለ የማለፍ ዕድል ስላለው ሰንሰለቱን በኬሚካል መቆራረጥ የተለመደ ነው። ከልክ በላይ ካጠረ ግን አንጀቱን ቢያልፍም ደም እንዳይረጋ የማድረግ ኃይሉን ያጣል።