የደም ምልክቶችና የረጅም ጊዜ የጤና ስጋት፦ በጎንደር ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ሰዎች

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር ሕዝቡ «የዕድሜ ማራዘሚያ» የሚል ስም አወጣለት። ዕድሜው በእርግጥ ረዘመ። ያን ጊዜ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተሸክመው ካመጧቸው ሰዎች መካከል ዛሬ ልጅ ድረው የልጅ ልጅ ያቀፉ አሉ። አሁን የሚያሰጋቸው ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብና የኩላሊት ሕመም ነው። ከኤች አይ ቪ ጋር በሚኖር ሰው ላይ የልብና የደም ሥር ሕመም ስጋት ከሌላው ሰው ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንጀት ነው። ቫይረሱ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአንጀት ግድግዳ ካሉት ሲዲ4 ሴሎች (ሰውነትን ከበሽታ ከሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎች) አብዛኞቹን ይጨርሳል። መድኃኒት ተጀምሮ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ቢደርስም ግድግዳው እንደ ድሮው አይጠገንም፤ የባክቴሪያ ቅንጣቶች ሾልከው ደም ውስጥ ይገባሉ፣ የመከላከያ ሴሎችም ዕረፍት ያጣሉ። ይህን ዝግ ያለ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) የሚያሳብቁት በደም ምርመራ የሚለኩት ኢንተርሊውኪን 6፣ ሲ ሪአክቲቭ ፕሮቲንና ዲ ዳይመር ናቸው። 5,472 ሰዎች በተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው የስማርት ጥናት መድኃኒታቸውን እያቋረጡ የወሰዱት ሰዎች ሞት በዝቶ ታይቷል፤ በኋላ ደማቸው ሲመረመር ኢንተርሊውኪን 6 እና ዲ ዳይመር ከፍ ያለባቸው ይበልጥ ለሞት የተጋለጡ ነበሩ።

እነዚህ ምልክቶች ግን ለተመራማሪ እንጂ ለአንድ ታካሚ ብዙ አይጠቅሙም። ተራ ጉንፋን እንኳ ሲ ሪአክቲቭ ፕሮቲንን ያንረዋል። በየክሊኒኩ የሚታዩት ቫይራል ሎድ (በደም ያለው የቫይረስ መጠን)፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያመለክተው ክሬአቲኒን፣ የጉበት ኢንዛይም፣ ሄሞግሎቢንና ስኳር ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ አገሩን ለሚያውቅ ሰው ነው በትክክል የሚነበቡት። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ስለሚል የጤነኛ ሰው ሄሞግሎቢን እዚህ ከቆላው ይበልጣል፤ መተማ ላይ ደህና የተባለ ቁጥር ጎንደር ላይ ደም ማነስ ሊሆን ይችላል። የሲዲ4 ቁጥርም በጤነኛ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ከአውሮፓውያን ዝቅ ብሎ መገኘቱ ከታወቀ ቆይቷል። ዶሉቴግራቪር የተባለው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ደግሞ ኩላሊትን ሳይጎዳ ክሬአቲኒንን ጥቂት ከፍ ያደርጋል፤ ይህን ያልለመደ ሐኪም በከንቱ ይደነግጣል።

ከሁሉ የሚከፋው ካላዛር ነው፤ ሌሽማንያ በተባለ ጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣና በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ሕመም። በመተማና በሑመራ የሰሊጥ እርሻ በቀን ሥራ የከረመ ወጣት ኤች አይ ቪንና ካላዛርን አንድ ላይ ይዞ ሲመጣ ነጭ ደም ሴሉም፣ ቀይ ደም ሴሉም፣ ደም የሚያረጋው ፕሌትሌቱም ይወርዳል፤ ቫይረሱ ቢገታም ሲዲ4ቱ አልነሣ ይላል፣ ካላዛሩም እየተመላለሰ ያገረሻል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሌሽማንያ ምርምርና ሕክምና ማዕከል መቋቋሙ ያለ ነገር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነውና ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ 7,769 ሰዎች የተሳተፉበት ሪፕሪቭ የተባለው ጥናት ፒታቫስታቲን የተባለ የኮሌስትሮል መድኃኒት ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋን በ35 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከዚያ በፊት ግን ርካሹ ነገር አለ፦ የግፊት መለኪያ። ጤንነቱ የተረጋጋ ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ወስዶ ወደ ጭልጋ ወይም ወደ ደምቢያ ይመለሳል፤ ግፊት ደግሞ ካልለኩት አይታወቅም፣ አያምምም። ክንዱ ላይ መለኪያው የሚታሰረው ክኒኑን ሊወስድ በመጣበት በዚያ አንድ ጠዋት ካልሆነ ቀጣዩ ዕድል ከግማሽ ዓመት በኋላ ነው።