ከሬቲና መላቀቅ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚታዩ የእይታ ለውጦች

ሬቲና የዓይንን የኋላ ግድግዳ ከውስጥ የሚሸፍን፣ ብርሃን ተቀብሎ መልእክቱን ወደ አንጎል የሚልክ ስስ ሽፋን ነው። ዓይንን የሞላው ዝልግልግ ነገር በዕድሜ ወይም በአደጋ ምክንያት ሲሸማቀቅ ሬቲናውን ስቦ ሊቀደው ይችላል፤ በቀዳዳው የሾለከው ፈሳሽም ሽፋኑን ከግድግዳው ያላቅቀዋል። ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ዡል ጎናን በሎዛን ከተማ ቀዳዳውን መድፈን ዋናው መፍትሔ መሆኑን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እስካሳየበት ጊዜ ድረስ ሕመሙ መድኃኒት የለውም ይባል ነበር። ዛሬ ከ10 ታካሚዎች የ8 ወይም የ9ኙ ሬቲና በአንድ ቀዶ ሕክምና ወደ ቦታው ይመለሳል። እይታው ግን አብሮት ወዲያው አይመለስም፤ ይህም ለታካሚው መነገር ያለበት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እይታ የሚወስነው ሐኪሙ ዓይን ውስጥ የተወው ነገር ነው። ቪትረክቶሚ በተባለው ቀዶ ሕክምና ዝልግልጉ ነገር ይወጣና ቀዳዳው እስኪሽር ሬቲናውን ደግፎ የሚይዝ ጋዝ ይገባል። በጋዝ የተሞላ ዓይን ፊቱ ላይ የሚወዛወዝ እጅ ከማየት እምብዛም አያልፍም። ያስደነግጣል፤ ነገር ግን የሚጠበቅ ነው። ጋዙ ወደ ደም እየገባ ሲቀንስ ከላይ በኩል መጥራት ይጀምራል፤ ከሥሩም ታካሚው ራሱን ባዘነበለ ቁጥር እንደ ግንበኛ ውሃ ልክ አግድም የሚስተካከል መስመር ይታያል። አረፋው ዓይን ውስጥ የሚንሳፈፈው ወደ ላይ ቢሆንም፣ ሬቲና ላይ የሚያርፈው ምስል የተገለበጠ በመሆኑ ታካሚው የሚያየው ከታች ነው። መስመሩ በየቀኑ ዝቅ እያለ ሄዶ በመጨረሻ ትንሽ ክብ ይሆንና ይጠፋል። ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የተባለው ጋዝ 2 ሳምንት ገደማ፣ ፐርፍሎሮፕሮፔን ደግሞ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይቆያል።

ጋዙ ሳያልቅ በአውሮፕላን መሳፈር ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የአየር ግፊት ሲቀንስ ጋዙ ይሰፋል፤ የዓይን ግፊት ሲያሻቅብም ለሬቲና ደም የሚያደርሰው ሥር ሊዘጋ ይችላል። ለሕክምና ወደ ሕንድ የሄደ ሰው የመመለሻ ቀኑን በዚህ መሠረት መቁረጥ አለበት። በአገራችን ደግሞ የመኪና መንገድም ያሳስባል፦ አዲስ አበባ ታክሞ ወደ አዋሽ የወረደ ሰው ለክትትል ሲመለስ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣልና ሐኪሙን ሳያማክር መንገድ መጀመር የለበትም።

በጋዝ ፋንታ የሲሊኮን ዘይት የተደረገለት ሰው መብረር ይችላል። ዘይቱ ግን በራሱ አይጠፋም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከወራት በኋላ በሌላ ቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ እስከዚያም የመነጽር ቁጥር ይዛባል። ሬቲናውን ከውጭ ለመደገፍ ዓይኑ ዙሪያ የሲሊኮን ቀበቶ ከታሰረ ዓይኑ ስለሚረዝም የሩቁ ይደበዝዛል፤ አንዳንዴም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል።

የመጨረሻው እይታ ከሁሉ በላይ የሚወሰነው በማኩላ ነው። ማኩላ ፊደል የምናነብበት፣ የሰው ፊት የምንለይበት የሬቲና መሃል ነው። እሱ ሳይላቀቅ የተደረሰለት ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ ቀድሞ እይታው ይመለሳል። ከተላቀቀ በኋላ የታከመ ሰው ግን ቀጥ ያለው የበር መቃን ጎብጦ፣ ፊደሉ ተወላግዶ፣ ቀለሙ ደብዝዞ ሊታየው ይችላል። ለውጡ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጎላ ይላል፤ ከዚያም አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ በዝግታ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ አዲስ መነጽር ለማሠራት መቸኮል ገንዘብ ማባከን ነው።

ዕድሜያቸው ከ50 በላይ በሆነ ሰዎች ዘንድ ከቪትረክቶሚ በኋላ በ2 ዓመት ውስጥ የዓይን ሞራ መምጣቱ የተለመደ ነው። የጠራው እይታ ዳግም ሲጨልም ብዙዎች ሬቲናው የፈረሰ ይመስላቸዋል፤ ሞራው ግን ይገፈፋል።

እውነተኛው አደጋ ሌላ መልክ አለው። ከራስ ጋር የማይዘነበል፣ ከጎን ወይም ከላይ እየገፋ የሚመጣ ጥላ፣ አዲስ የብርሃን ብልጭታ፣ ወይም እየበረታ የሚሄድ ሕመም ከታየ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። በተለይ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ሬቲናው ላይ የሚበቅል ጠባሳ መልሶ ሊያላቅቀው ይችላል፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ ጠባሳውን ልጦ፣ ብዙ ጊዜም ዘይት ሞልቶ እንደገና ያስተካክለዋል።